ብዙ ዝርያ አቀላቅሎ መትከል ምን ይጨምራል? የሐሩር ደንን መልሶ ስለማልማት

ጠያቂ፦ ጠፍ መሬት

ሰላም ለሁላችሁ። እርጥበታማ በሆነ የሐሩር ክልል ያለ 40 ሄክታር መሬት እናስብ። ደኑ ተመንጥሮ ለዓመታት ግጦሽ ሆኖ ቆይቷል፤ አሁን የለበሰው ረጅም ሣር ነው። ከሁሉ የሚቀርበው የተፈጥሮ ደን 2 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለመሬቱ ሁለት ዕቅድ ቀርቧል። አንዱ ፈጥኖ የሚያድግ ነጠላ ዝርያ (አካሺያ ማንጊየም ወይም ባሕር ዛፍ) በ3 ሜትር በ3 ሜትር መትከል ነው። ሌላው 24 አገር በቀል ዝርያዎችን አቀላቅሎ መትከል ነው። የመጀመሪያው ወጪው ትንሽ ነው፤ ዕድገቱም ቶሎ ዓይን ይሞላል። ሁለተኛውን የሚደግፉት ወገኖች መከራከሪያቸው አንድ ነው፦ «የዝርያ ብዝኃነት የካርቦን ክምችትን ይጨምራል።»

ይህ አባባል ምን ያህል ያስኬዳል? እውነት ከሆነስ ስንት ዝርያ ይበቃል? ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ገምጋሚ መጥቶ ቢጠይቅ በቁጥር ለማስረዳት ከአሁኑ ምን መለካት አለበት? ስለ ደን ጥቅም የሚነገረው አጠቃላይ ነገር በየቦታው ስለሚገኝ እሱን ብትዘሉት ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የደን ሒሳብ

በመጀመሪያ የደጋፊዎቹን መከራከሪያ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ እንዲሁ እንደተባለው ወደ ገምጋሚ ፊት ከቀረበ ይወድቃል። የዝርያ ብዛትና የካርቦን ክምችት ዝምድና የሚወሰነው በሚለኩት ቦታ ስፋት ነው። በ20 ሜትር በ20 ሜትር ቁራሽ (0.04 ሄክታር) ሲለካ ብዙ ዝርያ ያለበት ቁራሽ ባብዛኛው የበለጠ ክብደት ይይዛል። ስፋቱ ወደ 1 ሄክታር ሲያድግ ግን ይህ ዝምድና ይደበዝዛል፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ይገለበጣል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ከአማዞን፣ ከአፍሪካና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ 360 ናሙና ቦታዎችን አነጻጽሮ በሄክታር ደረጃ ወጥ ዝምድና አላገኘም። የአፍሪካ ደኖች ዝርያቸው ከአማዞን ያነሰ ሆኖ ካርቦናቸው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ግንዳቸው በቁጥር ጥቂት፣ በመጠን ግን ግዙፍ ነው። የደቡብ ምሥራቅ እስያዎቹ በሁለቱም ይመራሉ። በኮንጎ ተፋሰስ ደግሞ ጊልበርቲዮዴንድሮን ደዌቭሬይ የተባለ አንድ ዝርያ ብቻውን ሰፊ ቦታ በተፈጥሮ ይዞ ይገኛል፤ የዚያ ደን የካርቦን ክምችት ከፍተኛ ነው። ብዙ ዝርያ ከሌለ ብዙ ካርቦን የለም ማለት ስለዚህ አይቻልም።

ታዲያ ማቀላቀሉ ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱም የተፈጥሮ ደንን ከተፈጥሮ ደን ማወዳደር ለእርስዎ ጥያቄ መልስ አይሆንም። የአማዞንና የኮንጎ ልዩነት የአፈር፣ የአየር ንብረትና የረጅም ዘመን ታሪክ ውጤት ነው። የእርስዎ ጥያቄ በአንድ ዓይነት መሬት ላይ አንድ ወይም ብዙ ዝርያ ቢተከል ምን ይሆናል የሚል ነው፤ ለዚህ ሆን ተብለው የተተከሉ ሙከራዎችን ማየት ይሻላል። በማሌዢያ ቦርኒዮ፣ ሳባህ ግዛት፣ በ2002 የተጀመረው ሙከራ 500 ሄክታር ይሸፍናል። ዛፍ የተቆረጠበትን ደን በ1፣ በ4 ወይም በ16 የዲፕቴሮካርፕ (የደቡብ ምሥራቅ እስያ ግዙፍ የደን ዛፎች ወገን) ዝርያዎች ነው የሞሉት። በ2023 የወጣው የሳተላይት ትንተና 16 ዝርያ የተተከለባቸው ቦታዎች አንድ ዝርያ ከተተከለባቸው ፈጥነው እንዳገገሙ አሳይቷል። በደቡብ ምሥራቅ ቻይና ያለው ትልቅ ሙከራ ደግሞ በስምንት ዓመት ውስጥ 16 ዝርያ የተቀላቀለበት ቦታ ከነጠላ ዝርያ አማካይ ከእጥፍ በላይ ካርቦን እንደያዘ መዝግቧል። ይኸኛው ከሐሩር ክልል ጠርዝ ወጣ ያለ ነው፤ ሲጠቅሱት ይህን አይደብቁ።

እዚህ ላይ ገምጋሚ የሚይዝበት ቀዳዳ አለ። ድብልቁ የሚበልጠው የነጠላ ዝርያዎችን አማካይ ነው። ከሁሉም ከተሻለው ነጠላ ዝርያ ጋር ሲወዳደር ብልጫው ይጠባል፤ አንዳንዴም አይኖርም። ውጤቱ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንዱ መደጋገፍ ነው፦ ሥሩ ጥልቅ የሆነና ላይ ላዩን የሚሄድ፣ ብርሃን የሚፈልግና ጥላ የሚችል፣ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ የሚያበጅና የማያበጅ አንድ ላይ ሲሆኑ ሀብቱን ተከፋፍለው ይጠቀማሉ። ሌላው ዕጣ ነው፦ ብዙ ዝርያ ሲተከል በመካከላቸው አንድ ጉልበተኛ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። ሁለቱን ለይቶ የሚያወጣ የሒሳብ ዘዴ ከ2001 ጀምሮ አለ፤ የሚሠራው ግን እያንዳንዱ ዝርያ ለብቻውም ተተክሎ ማወዳደሪያ ካለ ብቻ ነው።

በእኔ ግምት ጠንካራው መከራከሪያ የክምችቱ መጠን አይደለም፤ ክምችቱ ሳይጠፋ የመቆየቱ ነገር ነው። አካሺያ ማንጊየምን ይመልከቱ። በሱማትራ፣ በሳባህና በቬትናም በሰፊው ተተክሎ ሴራቶሲስቲስ የተባለ አጠውላጊ ፈንገስ ስለፈጀው በሱማትራ ሰፋፊ ቦታዎች ወደ ባሕር ዛፍ ለመቀየር ተገደዋል። ማሆጋኒ በሐሩር አሜሪካ ለብቻው ሲተከል ሂፕሲፒላ የተባለች የእሳት እራት ትል የላይኛውን ቀንበጥ ትበሳለች፤ ዛፉ አይሞትም፣ ግን ከታች ወደ ብዙ ቅርንጫፍ ስለሚከፋፈል ለጣውላ አይሆንም። የጎማ ዛፍ በትውልድ አገሩ በብራዚል በብዛት ተጠጋግቶ ሲተከል የቅጠል ምች አጥፍቶታል፤ በዱር ተራርቆ ሲበቅል ግን ይኖራል። ነጠላ ተክል ዛፎቹ በበሽታ ወይም በተባይ እስኪነኩ ድረስ በሠንጠረዥ ላይ ያማረ ነው።

ነጠላው ተክል በየ6 እና 7 ዓመቱ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ክምችቱ በየጊዜው ወደ ዜሮ ይመለሳል። በ2019 የወጣ አንድ ስሌት እንዲያገግም የተተወ የተፈጥሮ ደን በረጅም ጊዜ ከሚቆረጥ የነጠላ ዝርያ ተክል በአማካይ 40 እጥፍ ካርቦን እንደሚይዝ ያሳያል።

መልስ፦ ግንድ ለኪ

እኔ የመለኪያውን ጥያቄ ልውሰድ። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡ ላይ አይደለም፣ ሜትሩ ግንዱን የሚዞርበት ቦታ ላይ ነው።

የቋሚ ናሙና ቦታ መደበኛ መጠን 1 ሄክታር ነው፤ በ20 ሜትር በ20 ሜትር 25 ቁራሾች ይከፈላል። ለ40 ሄክታር ተክል ከአንድ ትልቅ ይልቅ ተበታትነው የተቀመጡ 0.25 ሄክታር (50 በ50 ሜትር) ቦታዎች የተሻለ ያሳያሉ፤ ቢያንስ ስምንት ይሁኑ። ርቀቱ የሚለካው አግድም እንጂ በተዳፋቱ ላይ ተጋድሞ አይደለም። በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 20 ሜትር አግድም ለማግኘት ሜትሩ መሬት ላይ 21.3 ሜትር መዘርጋት አለበት። ይህ ከተዘነጋ ቦታው ሳይታወቅ ያንሳል፣ በሄክታር ያለው ካርቦንም አለአግባብ ዝቅ ይላል።

የግንድ ውፍረት በ1.30 ሜትር ከፍታ ይለካል። በተዳፋት ላይ አንዳንዱ መመሪያ ከላይኛው ጎን፣ ሌላው ከታችኛው ጎን ነው የሚጀምረው፤ አንዱን መርጦ በመመሪያ ጽሑፍ ላይ ማስፈር፣ ከዚያ አለመቀየር። በግንዱ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ ካለ ሜትሩ በሐረጉ ሥር ይገባል እንጂ በላዩ አይዞርም። ግርጌው እንደ ግድግዳ የተዘረጋ ደጋፊ ሥር ያለው ዛፍ የሚለካው ሥሩ ካለቀበት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ በመሰላልም ቢሆን። ሜትሩ ያረፈበት ከፍታ ይመዝገብ፣ ቦታውም በቀለም ይሰመር። በሚቀጥለው ዙር ሌላ ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢለካ «ዕድገት» ያልሆነ ዕድገት ይመዘግባል። ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ የሚመታው ከመለኪያው መስመር 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በአሉሚኒየም ምስማር ነው። ምስማሩ ጫፉ ብቻ ይግባ፤ ግንዱ ሲወፍር ሰሌዳውን እንዳይውጠው።

ክብደቱን ለማስላት በ2014 ከ4,004 የተቆረጡና የተመዘኑ የሐሩር ዛፎች የወጣው ቀመር ይሠራል። የእንጨቱን እፍግታ (ግራም በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር)፣ የውፍረቱን ካሬ (ሳንቲ ሜትር) እና ቁመቱን (ሜትር) ያባዟቸዋል፤ ውጤቱን ወደ 0.976 ኃይል ያነሡና በ0.0673 ያባዛሉ። የሚወጣው ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደት በኪሎ ግራም ነው። ውፍረቱ 50 ሳ.ሜ.፣ ቁመቱ 28 ሜትር፣ እፍግታው 0.6 የሆነ ዛፍ ወደ 2,190 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን በ0.47 ሲያባዙ 1,030 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ይሆናል፤ ያንን በ3.67 ሲያባዙ 3,780 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገደማ።

አሁን አንዱን ቁጥር ብቻ ቀይሩ። ያው ዛፍ እፍግታው 0.3 ቢሆን ክብደቱ ወደ 1,110 ይወርዳል፣ ማለትም ግማሽ። ዝርያን በትክክል መለየት ለስም ዝርዝር ብቻ የሚያስፈልግ የሚመስለው ሰው ይህን ይይ። ደጋፊ ሥሩ ላይ ተለክቶ 50 ሳንቲ ሜትሩ 75 ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ያብጣል። ቀመሩ የተሠራው 5 ሳ.ሜ. እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዛፎች ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለችግኝ አይጠቀሙበት።

ስለ ብዝኃነቱ መለኪያ፦ የዝርያ ቁጥር ብቻ ያሳስታል። 100 ግንድ ያለባቸውን ሁለት ቦታዎች እንውሰድ፤ በሁለቱም 10 ዝርያ አለ። በአንዱ እያንዳንዱ ዝርያ 10፣ 10 ግንድ አለው። በሌላው አንዱ 91፣ የቀሩት ዘጠኙ አንድ አንድ ግንድ አላቸው። የሻነንን መለኪያ (የዝርያ ብዛትንና ግንዱ በየዝርያው የተከፋፈለበትን አብሮ የሚያይ ቀመር) ወደ «ውጤታማ የዝርያ ቁጥር» ስንመልሰው የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 1.65 ይሆናል። የበዛውን ዝርያ ይበልጥ በሚያጎላው በሲምፕሰን ቀመር ሲሰላ ሁለተኛው 1.2 ብቻ ነው። ሦስቱንም አብረው ያቅርቡ። የግንድ ብዛታቸው የሚለያይ ቦታዎችን ሲያነጻጽሩ ደግሞ ወደ እኩል ግንድ አውርደው ይሁን፤ ብዙ ግንድ የተቆጠረበት ቦታ ባብዛኛው ብዙ ዝርያ ያሳያልና።

ያልታወቀ ዝርያ ሲገኝ ሦስት ቅጂ ናሙና ይወሰድ፤ ቅጠሉ ከነቅርንጫፉ፣ አበባ ወይም ፍሬ ካለ ከነሱ ጋር። ቅርፊቱ ሲቧጠጥ የሚወጣው ፈሳሽ ቀለምና ሽታ እዚያው ይጻፍ፤ ከደረቀ በኋላ አይገኝም። ማድረቂያ ከሌለ በጋዜጣ ጠቅልሎ በላስቲክ ከረጢት ከ70 በመቶ አልኮል ጋር ማሸግ ለሳምንታት ያቆያል። «ዝርያ ሀ»፣ «ዝርያ ለ» እየተባለ በየቦታው የተለያየ ስም ከተሰጠ አንዱ ዝርያ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጊዜያዊ ስሞች በአንድ መዝገብ ይያዙ።

መልስ፦ ዘር ጠባቂ

ስንት ዝርያ ይበቃል ለሚለው፦ የተፈጥሮ ደን ቁጥር ዒላማ አይሁን። በማሌዢያ ፓሶህ 50 ሄክታር ላይ ከ800 በላይ፣ በሳራዋክ ላምቢር 52 ሄክታር ላይ ወደ 1,200 የሚጠጋ የዛፍ ዝርያ ተቆጥሯል። ያንን ማንም ችግኝ ጣቢያ አያፈላም፤ ማፍላትም አይጠበቅበትም። አማዞን ውስጥ ወደ 16,000 የዛፍ ዝርያ እንዳለ ሲገመት ከዛፎቹ ግማሽ ያህሉን የያዙት 227 ዝርያዎች ናቸው። የተቀረው ጥቂት ግንድ ያለው ብርቅዬ ነው። የተካዩ ሥራ ሣሩን የሚያሸንፍና እንስሳትን የሚጠራ መነሻ ማቆም ነው፤ ብርቅዬዎቹን ወፍና የሌሊት ወፍ ያመጧቸዋል።

በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ተጀምሮ በሰሜን ታይላንድ ቺያንግ ማይ የዳበረው የማዕቀፍ ዝርያዎች ዘዴ የሚለው ከ20 እስከ 30 ዝርያ ነው፤ በሄክታር ወደ 3,100 ችግኝ፣ በ1.8 ሜትር ርቀት። ለ40 ሄክታር 124,000 ችግኝ ማለት ነው፤ ለመጓጓዣና ለምትክ 15 በመቶ ሲጨመር ወደ 142,600። በ3 በ3 ሜትር የሚተከለው 1,111 ብቻ ስለሆነ የወጪው ልዩነት ከዚህ ይመጣል። ርቀቱን በማስፋት ለመቆጠብ መሞከር ግን ይከስራል፦ ቅርንጫፎቹ ተገናኝተው ሣሩን ለማጥላት በ2 እና 3 ዓመት ፈንታ 5 እና 6 ይፈጅባቸዋል፤ የተቆጠበው ገንዘብ ለአረም ይሄዳል፣ በመካከሉ አንድ የደረቅ ወቅት እሳት ሁሉንም ሊበላ ይችላል።

ዝርያ ሲመረጥ ሦስት ነገር ይታያል፦ ጠፍ መሬት ላይ መትረፍ፣ ሰፊና ጥቅጥቅ ያለ አናት ቶሎ ማውጣት፣ በልጅነቱ አበባ ወይም ፍሬ ሰጥቶ እንስሳት መሳብ። ከዝርዝሩ ውስጥ እንዳይቀሩ የምላቸው ሁለት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው የሾላና የዋርካ ወገን ነው። ፍሬያቸው በአንድ ወቅት ብቻ ስለማይወሰን ሌላው ዛፍ ባዶ በሆነበት ወር እንስሳት ይመገቡበታል፤ ሥራቸው የደደረ አፈር ይሰብራል፣ ከእሳት በኋላም ያቆጠቁጣሉ። ሁለተኛው ናይትሮጅን የሚያበጁት ናቸው፤ ኮርችና ኢንጋን የመሳሰሉ። በፓናማ ዳግም በበቀለ ደን ላይ የተደረገ ጥናት በመጀመሪያዎቹ 12 ዓመታት ለደኑ ዕድገት ካስፈለገው ናይትሮጅን ግማሹን እነዚህ እንዳስገቡ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ከሩብ በላይ አይትከሏቸው፤ ዘግይተው የሚመጡትን ከልክ በላይ ያጠላሉ።

ቀዳሚ ዝርያዎች (ገላጣ መሬት ላይ ቀድመው የሚበቅሉት) እና ዘግይተው በጥላ ሥር የሚመጡት በአንድ ጊዜ ይተከላሉ፣ ግማሽ በግማሽ ገደማ። ሁሉንም ቀዳሚ ማድረግ የታወቀ ስሕተት ነው፤ ከ15 እና 20 ዓመት በኋላ አብረው ሲያረጁ ከሥራቸው ተተኪ ከሌለ ሣሩ ይመለሳል። ተመሳሳይ ዝርያ ጎን ለጎን አይቀመጥ። በ1970 እና 1971 የሥነ ምኅዳር ተመራማሪዎቹ ጃንዘንና ኮኔል እያንዳንዳቸው ለየብቻ ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነው፦ በእናት ዛፍ ሥርና በዘመዶቹ መካከል ያለ ቡቃያ የዚያ ዝርያ የተለየ ጠላት የሆኑ ነፍሳትና ፈንገሶች ስለሚጠብቁት አያድግም፤ ራቅ ያለው ይተርፋል። በተግባር ቀላሉ መንገድ ችግኞቹን ከጣቢያ ሲወጡ በየሳጥኑ አደባልቆ መላክ ነው። ዝርያ በዝርያ ተጭነው ከመጡ ሠራተኛው ዝርያ በዝርያ ይተክላቸዋል፤ ካርታው ላይ የተሳለው ድብልቅ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ዘር ላይ ብዙ ፕሮጀክት ይሰናከላል። ከእያንዳንዱ ዝርያ ቢያንስ ከ25 እስከ 30 እናት ዛፎች ይሰብሰብ፤ እርስ በርሳቸው ወደ 100 ሜትር ቢራራቁ ይመረጣል። ከመንገድ ዳር ከአንድ ፍሬያማ ዛፍ የተለቀመ ዘር 24 ዝርያ አሳይቶ በውስጡ ግን የወንድማማች ደን ይሠራል፤ ቀጣዩ ትውልድ ፍሬው ይመነምናል። ደግሞ የእርጥብ ሐሩር ዛፎች ሰፊ ክፍል ዘራቸው ማድረቅን አይችልም፤ እርጥበቱ ከ20 እና 30 በመቶ ሲወርድ ይሞታል። ዲፕቴሮካርፖች ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ ዘራቸው ከሳምንታት በላይ አይቆይም፣ በዚያ ላይ በጅምላ የሚያፈሩት በየተወሰኑ ዓመታት ነው። እንዲህ ያለው ዘር በተሰበሰበ በቀናት ውስጥ ይዘራ፤ በፀሐይ ላይ ሰጥቶ ማድረቅ መግደል ነው። ስለዚህ የተከላው ዓመት የሚታቀደው ቢያንስ ከ18 እስከ 24 ወር ቀደም ብሎ፣ የፍሬ ወቅት መቁጠሪያ ተሠርቶ ነው።

የችግኝ ላስቲኩ ጠባብና ጥልቅ ይሁን፤ 6 እስከ 7 ሳ.ሜ. ወርድ፣ 23 ሳ.ሜ. ጥልቀት። ሥሩ ታች ደርሶ ከተጠማዘዘ ዛፉ ከአራት፣ አምስት ዓመት በኋላ በነፋስ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ መንስኤውን የሚያስታውስ የለም። ከተከላ በፊት ለስምንት ሳምንት ጥላው እየተቀነሰ፣ ውሃው እየተራራቀ ችግኙ ይጠንክር። ቀዳሚዎቹ 30 ሳ.ሜ.፣ ዘግይተው የሚመጡት 40 እስከ 60 ሳ.ሜ. ሲደርሱ ይወጣሉ። ተከላው ዝናቡ በደንብ ከያዘ በኋላ ይሁን እንጂ በመጀመሪያዋ ካፊያ አይሁን። በችግኙ ዙሪያ 50 ሳ.ሜ. ሣር ከነሥሩ ይነቀል፣ የተነቀለው እዚያው ይጎዝጎዝ፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ። ማዳበሪያ ከ50 እስከ 100 ግራም፣ ከግንዱ 20 ሳ.ሜ. ርቆ በክብ፣ በአንድ የዝናብ ወቅት ሦስት ጊዜ። አረሙም እንዲሁ ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት የዝናብ ወቅት። አረሙ ሳይወጣ ማዳበሪያ መስጠት ሣሩን መቀለብ ነው።

ከሁለተኛው የዝናብ ወቅት በኋላ በየዝርያው ይቆጠር። ከ70 በመቶ በላይ የተረፈ ይቀጥል፣ ከ50 በታች የሆነ ከዝርዝሩ ይውጣ። በአማካይ «75 በመቶ ተርፏል» የሚል ሪፖርት አይጠቅምም፤ ሦስት ዝርያ ሙሉ በሙሉ አልቆ አማካዩ ሊያምር ይችላል።

መልስ፦ ደሴት

ዘር ጠባቂ የጻፍከው በሙሉ ትክክል ነው፤ ግን 40 ሄክታሩን ሁሉ መሸፈን ግዴታ አይደለም። በደቡብ ኮስታ ሪካ ከ2004 ጀምሮ ግጦሽ በነበረ መሬት ላይ ሦስት ነገር ሲነጻጸር ቆይቷል፦ ሙሉ ተከላ፣ በደሴት በደሴት የተተከለ፣ ምንም ያልተተከለ። በደሴት የተተከለው የሸፈነው የመሬቱን አንድ አምስተኛ ያህል ነው። በአሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ውስጥ በራሳቸው የበቀሉ ዝርያዎች ብዛት ከሙሉ ተከላው የማይተናነስ ሆኗል። የተተከሉት ደግሞ አራት ዝርያዎች ብቻ ናቸው። ልብ መባል ያለበት የደሴቱ መጠን ነው፤ 4 በ4 ሜትር የሆኑት ሣሩን አላሸነፉም፣ ወፍም ብዙ አላረፈባቸውም። 8 በ8 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ሠርተዋል።

መልስ፦ ዘር ጠባቂ

እስማማለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ እሳት የሌለበት ቦታ ከሆነ። እዚያ ኮስታ ሪካ መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሣሩም በየዓመቱ አይቃጠልም። ኢምፔራታ ዓይነት ሣር የወረሰው፣ ረዘም ያለ ደረቅ ወቅት ያለው ቦታ ላይ በደሴቶቹ መካከል የቀረው አራት አምስተኛ ማገዶ ነው። እንዲህ ባለ መሬት ደሴት የሚመርጥ ሰው ከ8 እስከ 10 ሜትር ስፋት ያለው የእሳት መከላከያ መስመር በየዓመቱ ደረቁ ወቅት ከመግባቱ በፊት መጥረግ አለበት፤ ወጪውን በስሌቱ ያስገባ።

ጠያቂ፦ ጠፍ መሬት

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ዘር ጠባቂ «ወፍና የሌሊት ወፍ ያመጧቸዋል» ብለዋል፤ በዚያ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ደን ትልልቅ እንስሳት ታድነው ካለቁስ? ሌላው፣ ከካርቦን ውጭ ስላሉት ጥቅሞች በሰነዱ ላይ ምን ቢጻፍ አያሳፍርም? ረቂቁ «ደኑ የወንዙን ውሃ ይጨምራል» ይላል።

መልስ፦ የደን ሒሳብ

የውሃውን ዐረፍተ ነገር ያውጡት። ዛፍ ከሣር የበለጠ ውሃ ወደ አየር ያወጣል፤ ሣር ለብሶ የነበረ ተፋሰስ በዛፍ ሲሸፈን የወንዙ ዓመታዊ ፍሰት ባብዛኛው ይቀንሳል። ደኑ የሚያሻሽለው ሌላ ነገር ነው፦ በእንስሳት ኮቴ የተደቆሰ አፈር ውሃ እንዲያሰርግ ያደርጋል፣ የጎርፍ ጫፍና ደለል ይቀንሳል። የአፈሩ መታፈን ከባድ ከነበረ የሰረገው ውሃ የበጋውን ፍሰት ሊደግፍ ይችላል፤ ይህንንም «ሊደግፍ ይችላል» ብለው ይጻፉት። ዝናብን በሚመለከት ብራዚላዊው ተመራማሪ ሳላቲ በ1970ዎቹ በውሃ አይሶቶፕ (በውሃው ውስጥ ባሉ ክብደታቸው የተለያየ አቶሞች) እንዳሳዩት በአማዞን ከሚዘንበው ግማሽ ያህሉ ደኑ ራሱ መልሶ የተነፈሰው ነው። ያ ግን የአህጉር ስፋት ያለው ደን ሥራ ነው፤ 40 ሄክታር ዝናብ አያመጣም።

ብዝኃነቱ በውሃ ላይ የሚታየው በድርቅ ጊዜ ነው። በምሥራቅ አማዞን ፓራጎሚናስ አካባቢ ከ8 ሜትር በላይ ጠልቀው የሚወርዱ ሥሮች ደኑን በደረቅ ወራት አረንጓዴ እንደሚያቆዩት በ1994 ታትሟል። ሥሩ አጭር በሆነ አንድ ዝርያ የተሞላ መሬት ይህ አቅም የለውም።

ርክበ ብናኝን በሚመለከት በቁጥር የሚቆም ምሳሌ አለ፦ በኮስታ ሪካ አንድ ሰፊ የቡና እርሻ ላይ በ2004 የወጣ ጥናት ከደን 1 ኪሎ ሜትር ባልራቀው ክፍል ምርቱ 20 በመቶ እንደበለጠ አሳይቷል። ለመሬትዎ ይህን የሚጠቅሱት ንቦች የሚያስፈልጉት ሰብል በዙሪያው ካለ ነው። ስለ መድኃኒት ቅርፊትና ስለ ፍሬ ከተጻፈ ደግሞ አወሳሰዱም ይጻፍ። ጥቁር እንጨት የተባለው ዛፍ (ፕሩነስ አፍሪካና) ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት እየተባለ ከአፍሪካ ተራሮች በብዛት ስለወጣ ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በፈቃድ ብቻ ሆኗል፤ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይሞታልና። የብራዚል ለውዝም እንዲሁ ነው፦ አበባውን የሚከፍቱት ትልልቅ የዱር ንቦች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ያለ ደን አይኖሩም።

መልስ፦ ዘር ጠባቂ

ስለ እንስሳቱ፦ ትልቅ ፍሬ የሚውጡት (ትልልቅ ዝንጀሮዎች፣ ቀንድ ምንቃር የተባሉ ትልልቅ ወፎች፣ አሳማ የሚመስለው ታፒር፣ ዝሆን) ከሌሉ ትንንሽ ወፎችና የሌሊት ወፎች የሚያመጡት ዘሩ ደቃቅ የሆነውን ብቻ ነው። ትልቅ ዘር ያላቸው ዛፎች ባብዛኛው እንጨታቸው ከባድ ስለሆነ የእነሱ መቅረት በካርቦኑም ይታያል፤ ግንድ ለኪ ካሳየው የ0.6 እና የ0.3 ልዩነት ጋር አያይዘው ይመልከቱት። ስለዚህ ዝርዝሩን ይቀይሩ፦ ከ24ቱ ውስጥ ስምንት፣ አሥሩ ዘራቸው ከ2 ሳ.ሜ. በላይ የሆኑና በራሳቸው መምጣት የማይችሉ ይሁኑ። ትንሽ ዘር ያላቸውን ቀንሱ፤ ያለ ተካይ ይመጣሉ። ትልልቆቹ በቀጥታ በዘር ቢተከሉም ይሆናል። በ3 እና 4ኛው ዓመት ጥላው ከገጠመ በኋላ፣ ከዘሩ ውፍረት እጥፍ ጥልቀት፣ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ዘር። ከዚያ በፊት ሣር ውስጥ ከተዘሩ አይጥ ይበላቸዋል።

መልስ፦ ግንድ ለኪ

ከተከላ በፊት አንድ ነገር። ከ40 ሄክታሩ ውስጥ ሦስት፣ አራት ቁራሽ፣ እያንዳንዳቸው 50 በ50 ሜትር፣ ምንም ሳይተከልባቸው ይቅሩ፤ ከእሳትና ከከብት ብቻ ይጠበቁ። ቦታቸው በዕጣ ይመረጥ፣ ጥጋቸው በብረት ዘንግ ተተክሎ በጂፒኤስ ይመዝገብ። እነዚህ ከሌሉ በአሥረኛው ዓመት የተገኘው ካርቦንና ዝርያ ከተከላው ይሁን ከብት በመውጣቱ ብቻ ይሁን የሚለይበት መንገድ አይኖርም፤ የመጀመሪያው የገምጋሚ ጥያቄም ይኸው ነው። ከቀረው ደን ውስጥም በአንድ ዓይነት አፈርና ከፍታ ሁለት ቦታ በዚያው ዓመት ይለካ።